የአባባ ኤይኪቺ መስኮት

አባባ ኤይኪቺ የተገኙት ከከሰል ማንደጃው አጠገብ፣ በጎናቸው እንደተኙ ነበር። ፊታቸው ላይ ጭንቀት አይታይም፤ ከምሳ በኋላ ሸለብ ያደረጋቸው ይመስላሉ። የክፍሉ ብቸኛ መስኮት ተዘግቶ፣ ጠርዙ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ታሽጓል። ከሰሉ አፍኖ ገድሏቸዋል።

ኢንስፔክተር ቺዙሩ ስትደርስ የሰፈሩ ፖሊስ ጥፋተኛውን አግኝቶ ጨርሷል።

«ጎረቤትየዋ ናት» አላት። «ጠዋት ጠዋት ከሰል የምታቀጣጥልላቸው እሷ፣ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ። አሁን ልወስዳት ነው።»

ፉሳኤ የተባለችው ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ የሾርባ ድስቷን እንዳቀፈች ደጃፉ ላይ በረዶ ውስጥ ቆማለች። ሾርባው ቀዝቅዟል። እሷ ግን የምታስቀምጥበት ቦታ የጠፋባት ይመስል አልለቀቀችውም።

«ትንሽ ቆይ» አለችው ቺዙሩ፤ ወደ መስኮቱም ተጠጋች። ፕላስተሩን በጣቷ ዳሰሰችው። እንደ ወተት ነጭ ነው። ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ከአያያዝ ብዛት የለሰለሰች ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ወድቃለች።

«እትዬ ፉሳኤ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«የመስኮቱ ናት፣ ልጄ። ስንዝር ያህል ክፍት እንዲሆን ያስገቧታል። በዚህ ብርድ ምን ሆነዋል ስላቸው፣ የባቡሩን ደወል ልስማበት ይሉኛል። እኔም መስኮቱን ሳላይ ከሰል አቀጣጥዬ አላውቅም። ትናንት ጠዋትም ክፍት ነበር። ማን ያምነኛል?»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት እንኳ ሰው ሲኖር አይደል? የምንጠይቃቸው እኔና ያ ነዝናዛ ባንዶ ብቻ ነን። የወንድማቸው ልጅ ባለፈው ወር ደውሎ ነበር። ቤቱን ሽጠው ቢለቁ ይሻላል ሲላቸው ‹እኔ ስሞት ትሸጠዋለህ› ብለው ዘጉበት። ያን ቀን ምሳም አልበሉ።»

ባንዶ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቺዙሩ ስታናግረው ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ አፉ ግን አልለዘበም።

«አዎ፣ ተጣልተናል! የእኔን መስመር የበላውን ቀላል ባቡር እንደ ሙሽራ ሲያሞግስልኝ ዝም ልበል? ሁልጊዜ ይሳፈርና ዞሮ ዞሮ የተሳፈረበት ፌርማታ ይወርዳል። የት ሄደህ ነው ስለው፣ ‹ሰው አይቼ መጣሁ› ይለኛል።»

«ጤናቸውስ?»

ባንዶ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርሽ? የእኔ አውቶቡሶች እዚህ መስኮት ሥር ሞተር ሳያጠፉ ሲቆሙ፣ ደረቱ እንደ አሮጌ ሞተር ያፏጭ ነበር። ባቡሩ ከገባ ወዲህ ሳሉ ለቀቀው። እስከ ፌርማታው በእግሩ ሲሄድ እኔን ይቀድመኛል፤ ከዚያ ዞሮ ‹ና እንጂ፣ ናፍጣ አለቀብህ?› ይለኛል።»

የወንድማቸው ልጅ ቶሺሮ ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ መሐረብ ይዞ ነበር።

«ምስኪን አጎቴ! የጨረሰው የአውቶቡስ ጭስ ነው። ብርድ በገባ ቁጥር መስኮቱን ያሽግ ነበር። ልጅ ሆኜ ፕላስተሩን የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ።»

«እርስዎ መቼ መጡ?»

«ዛሬ፣ ሲደወልልኝ። ከዚያ በፊት የመጣሁት ለአክስቴ ቀብር ነው። ሥራ አላፈናፍን ብሎኝ እንጂ... ሦስት ዓመት ይሆናል።»

ቺዙሩ ሦስቱንም ሬሳው ወደተነሣበት ክፍል ጠራቻቸው። የሰፈሩ ፖሊስ በሩን ደገፍ ብሎ ቆመ።

«እኔም ያደግሁት አውቶቡስ መንገድ ዳር ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ፕላስተር በሳምንቱ በጥላሸት ይጠቁራል። ይህ ግን ነጭ፣ ገና አዲስ የተለጠፈ ነው። እትዬ ፉሳኤ፣ መንደሩ ዘንድሮ መስኮት አሽጓል?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ባቡሩ ሥራ የጀመረ ቀን ሁላችንም ፕላስተሩን ልጠን ጣልን። መስኮት አጠብን፣ ልብስ ውጭ አሰጣን። አባባም ወንበር ላይ ቆመው ሲልጡ እግራቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ እትዬ ፉሳኤ ይህን ያውቃሉ። ጋሽ ባንዶም አውቶቡሶቹ መነሣታቸውን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አደጋ ለማስመሰል ‹ጭስ ፈርተው አሸጉት› ብሎ የሚያስብ፣ አውቶቡሱ ከቆመበት ቀን ወዲህ እዚህ ቤት ያልመጣ ሰው ብቻ ነው። አቶ ቶሺሮ፣ ባቡር መግባቱን ያውቃሉ፤ መሬቱን ያስወደደው እሱ ነውና። አየሩ መጥራቱን፣ የአጎትዎ ደረት መዳኑን ግን አያውቁም። ይህ የሚታወቀው በመጠየቅ ነው።»

«ይህ... ይህ ግምት ነው!»

«ሊሆን ይችላል። በፕላስተሩ ሙጫ ላይ የቀረው የአውራ ጣት አሻራ ግን ግምት አይደለም። ሁላችሁም እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አኑሩ።»

ፉሳኤ ድስቷን አስቀምጣ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ዘረጋች። ባንዶም ዘረጋ። የቶሺሮ እጆች ግን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ቀሩ።

«ተኝቶ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ። «ስገባ አልነቃም።»

«አንድ ቀን መጥተው አብረዋቸው ሻይ ቢጠጡ ኖሮ» አለች ቺዙሩ፣ «የበለጠ ተጠንቅቀው ይገድሏቸው ነበር። ወይም ጭራሽ አይገድሏቸውም ነበር።»

ፖሊሱ ቶሺሮን ይዞት ሲወጣ፣ ፉሳኤን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እሷ ፕላስተሩ ለማስረጃ የተላጠበትን መስኮት ከፍታ ሽብልቋን ቦታዋ መለሰቻት። ከዚያ ሾርባውን ለማን እንደምታሞቀው ግራ ገብቷት ቆመች። «ለእኔ አሙቂው እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ» አላት ባንዶ።

ቺዙሩ ባቡሩን ተሳፍራ ወደ ቤቷ ሄደች። የሚወርድ ይወርዳል፣ የሚሳፈር ይሳፈራል፤ አንዲት ሕፃን ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ፈገግ አለችላት። ሰው አየች። የራሷ ፌርማታ ሲደርስ አልወረደችም፤ ስልኳን አወጣች። ስልኩ ብዙ ጠራ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። የመኝታ ቤትሽ መስኮት... ክፍት ነው ወይስ ዝግ?»

እናቷ ሳቀች። «የትኛው? ያንን እኮ ከደፈንኩት ሁለት ዓመቴ ነው።»