መስመር የሌለው ጣት

ኑስራት በድንጋይ መቁረጫው የዘበኛ ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። የጋዝ ማሞቂያው አሁንም ይነዳል፤ የጭስ ማውጫ ቧንቧው ግን ከግድግዳው ተላቆ ተንጠልጥሏል። ሻምበል ኪዩማርስ ቧንቧውን ትቶ አስቀድሞ የሟቹን እጆች አየ። ሁለቱም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጨርቁን ሲፈታው የበግ ላት ሸተተው። የጣቶቹ ጫፎች አልቀው ልሙጥ ሆነዋል።

«ቧንቧውን ነቅሎ በጭሱ ራሱን ነው ያጠፋው» አለ የመቁረጫው ባለቤት ሀጂ ፋራማርዝ፣ መቁጠሪያውን እያንቀጫቀጨ። «የሥራ አጥ ድጎማው ቆመበትና ተስፋ ቆረጠ። እኔ ለነፍሴ ብዬ ማደሪያ ሰጠሁት እንጂ እዚህ አይሠራም። እሱም ያ ጓደኛው ያዱላም አይሠሩም።»

«አይሠሩም?»

«ሥራ ያለው ሰው ድጎማ ይበላል እንዴ፣ ሻምበል?»

በማሐላት ከተማ ይህን ማታለል የማያውቅ የለም። የሽመና ፋብሪካው ሲዘጋ መንግሥት ለተባረሩት ድጎማ ሰጠ፤ እንደ ሀጂ ያሉት ደግሞ «መንግሥት ያበላሃል፣ እኔ ትንሽ እጨምርልሃለሁ» እያሉ ያለ ኢንሹራንስ በግማሽ ዋጋ ያሠሯቸዋል። ከዚያ አርብ አርብ በፊተኛው ረድፍ ይሰግዳሉ።

የሟች ሚስት ቱባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እጁን የጠቀለልሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ?»

«እኔ ነኝ። ሁለት እጁን ብቻውን እንዴት ያስራል? ድጎማው በሦስት ወር ተራዘመ ተባለ፤ ግን ዛሬ ቀርቦ አሻራ ያልሰጠ አያገኝም። ባለፈው ማሽኑ ጣቱን እምቢ አለው። ላት ሲያድርበት ቆዳው ይመለሳል ይላሉ። አስሬለት እንቅልፍ ሲወስደው በሩን ዘግቼ ወጣሁ።» እንባዋን በቻዶር መከናነቢያዋ ጠረገች። «ራሱን ገደለ ብለው የልጆቼን አንገት እንዳያስደፉብኝ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ሀጂና ያዱላ ጋ።»

ያዱላ ከኑስራት ጋር ከፋብሪካው የተባረረ ነው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ምንም።»

«ቅንድብህ ላይ ያለው የድንጋይ ዱቄትስ?»

«ነፋስ ነው፣ ሻምበል።» ያዱላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ሲሠራ ነበር ከተባልኩ ድጎማዬ ይቆማል፤ የበላሁትንም መልስ ይሉኛል። እባክዎ አይጠይቁኝ።»

ሻምበሉ ቧንቧውን በባትሪ መብራት አገላብጦ መረመረ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራ።

«ጠዋት አሻራ የሚሰጥ ሰው እጁን ላት ቀብቶ፣ ማታውን ራሱን አይገድልም» አለ። «ቢፈልግስ? ቧንቧው ጥላሸት በጥላሸት ነው፤ የእጁ ጨርቅ ግን ነጭ። አልነካውም።»

«እንግዲያው ያዱላ ነዋ» አለ ሀጂ። «ቁልፉ እሱ ጋ ነው።»

«እኔም እንዲያ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ጥላሸቱ ላይ አውራ ጣት ታትሟል፤ እያንዳንዱ መስመሩ ይቆጠራል። ከቱባ ጣት እጥፍ ይሰፋል። ያዱላ፣ እጅህን አሳየን።»

ያዱላ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ልክ እንደ ኑስራት ጣቶች ልሙጥ ነበሩ።

«ድንጋይ መስመሩን ያልበላው ወፍራም ጣት እዚህ የአንድ ሰው ብቻ ነው። መቁጠሪያውን ያስቀምጡ፣ ሀጂ።»

ሀጂ እጁን ጨበጠ። «ምን በድሎኝ እገድለዋለሁ?»

ሻምበሉ ያዱላን አየው፤ የሚጠይቀው ነገር የልጆቹን ጉሮሮ እንደሚዘጋ ያውቅ ነበር፤ ራሱንም ተጸየፈ። አልጠየቀውም። ያዱላ ግን አልጋው ላይ ያለውን ሰው ጥቂት አይቶ ተናገረ።

«ኑስራት ሀጂን ‹ኢንሹራንስ ግባልኝ፤ አለዚያ ጣቴ የት እንዳለቀ ለድጎማ ቢሮው እነግራለሁ› አለው። ሀጂም ‹እንተያያለን› አለው። አጠገባቸው ድንጋይ እየቆረጥኩ ነበር።»

«አንተ ውሻ፣ ደመወዜን እየበላህ?» አለ ሀጂ።

«ደመወዝ?» አለ ሻምበሉ። «አይሠሩም አላሉኝም?»

ሀጂ ታስሮ ሲወጣ ቱባ ዓይኗን አላነሳችም። የያዱላ ቃል ተጻፈ፤ እሱም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከግርጌው ተጫነ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ልሙጥ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር።

«አሻራው አይታይም፣ ይድገመው» አለ ጸሐፊው ፖሊስ።

ያዱላ ደገመው። ያው ሆነ።

«ተወው» አለ ሻምበሉ። «ዳኛው ሲያየው ይገባዋል።»