አመልካቿ ረክተዋል

ይህ በገዛ ራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ አይመን... እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ሲፈላ መስማት አልችልም።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ጠራራ ፀሐይ። ባልደረቦቼ ምሳ ወጥተው ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

የምሠራው የንግድ ውድድርንና የሸማቾችን መብት በሚጠብቅ መስሪያ ቤት ነው። ላይኛው ፎቅ ያሉት ተመሳጥረው ዋጋ የሚሰቅሉ ትልልቅ ነጋዴዎችን ያሳድዳሉ። እኛ ምድር ቤት ያለነው ደግሞ የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ፣ በሳምንቱ አፉን የከፈተ ጫማ ይዞ የሚመጣውን ሰው አቤቱታ እንቀበላለን።

"ፈጣኑ" ነው የሚሉኝ። መዝገብ በመዝጋት የሚደርስብኝ የለም።

እንዴት እንደምፈጥን ልንገራችሁ? መቼም አፍሬ ነው የምነግራችሁ።

አልደውልም ነበር።

ደንቡ አመልካቹን ደውለህ ጠይቅ፣ ነጋዴውን ጥራ፣ ዕቃውን አስመርምር፣ አደገኛ ከሆነ ከገበያ አስነሳ ይላል። እኔ ግን የሪፖርት ጊዜ ሲደርስ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ እጽፋለሁ።

«ዕቃው ተቀይሮላቸዋል። አመልካቿ በስልክ ተጠይቀው ረክተዋል።»

ፊርማ። ማህተም። አንድ ቅጂ ለባለሱቁ። አለቀ ደቀቀ።

መዝገብ ከዘጋሁባቸው ሰዎች አንዷ አንዲት እናት ነበሩ። በፌስታል የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ኮረንቲ አለው። ሦስቴ ነዘረኝ» አሉኝ። «ለእኔስ ይሁን። ሌላ ሰው እንዳይገዛው ብዬ ነው።»

«አይዞዎት እማማ፣ እኛ አለን አይደል?»

የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ጠቁሮ ነበር። አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸታም ነኝ።

ማፍያውን ማስረጃ ክፍል አስገባሁት። እንደ ደንቡ ገመዱን ቆርጬ አጠገቡ አስቀመጥኩና ቆለፍኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው። መዝገቡን በማግስቱ ዘጋሁት።

እንግዲህ ያን ሐሙስ...

ስልኩ ጠራ።

«ሃሎ፣ የሸማቾች አቤቱታ።»

ከሩቅ ውሃ ሲንተከተክ ይሰማኛል።

«ሃሎ?»

«ረክቻለሁ...»

የሴት ሹክሹክታ ነበር።

«ማን ልበል?»

«ረክተዋል ብለህ ጽፈህ የለ?... ይኸው፣ ረክቻለሁ።»

ተዘጋ።

ድምፁን ለየሁት፤ ማፍያውን ያመጡት እናት ናቸው። መዝገቡን ፈልጌ አወጣሁና የሴትዮዋን ቁጥር ደወልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው እንግዲህ።

አንዲት ወጣት አነሳችው።

«እማማን ፈልጌ ነበር።»

«እናቴ አርፋለች። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ።»

«ምን... ምን አገኛቸው?»

«ባለሱቁ ከመስሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል፣ ዕቃዬ ደህና ነው ብሎ ያንኑ ዓይነት ሌላ ማፍያ ሰጣት። እሷም ማህተሙን አይታ አመነች... ለመሆኑ ማን ልበል?»

ስሜን መናገር አቃተኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ከሁሉ ከሁሉ ይቺ ናት የምታቃጥለኝ።

ማስረጃ ክፍሉን ከፈትኩ።

ገመዱ አለ። ማፍያው የለም።

መደርደሪያው ላይ የቀረው ክብ የውሃ ምልክት ነው። ነካሁት... ሙቅ ነበር።

በዚያው ቅጽበት የእጅ ስልኬ ጠራ። እናቴ ነበረች። የምንኖረው አብረን ነው፣ እሷና እኔ ብቻ።

«የኔ ልጅ፣ ተባረክ» አለችኝ ደስ ብሏት። «ዕቃው እኮ ደረሰኝ።»

«የምን ዕቃ እማዬ?»

«ውሃ ማፍያው ነዋ! አንዲት ሴትዮ ከመስሪያ ቤትህ አመጡልኝ። 'ተቀይሮላቸዋል' ብለው ሰጡኝ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ምስኪን፣ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል...»

«እማዬ እንዳትነኪው! ሰማሽኝ? እንዳትነኪው!»

የሚሰማኝ የሚንተከተክ ውሃ ብቻ ነው።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቴ ወጥ ቤት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ፊቷ ያለው ማፍያ ክዳኑን እያንቀጠቀጠ ይፈላል።

ገመድ የለውም።

«እማዬ...» አልኩ በቀስታ። «እጅሽን አሳዪኝ።»

ዞር አለች። ቀኝ እጇን እንደ ሕፃን ዘረጋችልኝ። የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል።

«ነዘረሽ? ንገሪኝ እንጂ! አመመሽ?»

ፈገግ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ረክቻለሁ...»

እናቴ በሕይወት አለች። ትበላለች፣ ትተኛለች። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙባትም። ግን ምን ብጠይቃት፣ ራበሽ ብላት፣ ይቅር በዪኝ ብዬ እግሯ ላይ ብወድቅ፣ ከዚያች ቃል ሌላ ከአፏ አይወጣም።

ለአለቃዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እያነባሁ። ከዚያ ትክክለኛውን ሥራ ልሥራ ብዬ አዲስ መዝገብ ከፈትኩ። አመልካች በሚለው ቦታ የእናቴን ስም አሰፈርኩ። "የዚህ ዓይነት ማፍያ በሙሉ ከገበያ ይነሳ" ብዬ ጻፍኩና ለውሳኔ አዘጋጀሁት።

ማታ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት እወጣለሁ። ጠዋት ስገባ ግን ጉዳዩ አልቋል ተብሎ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። ቀድጄ እንደገና እጽፋለሁ፣ በማግስቱም ያው ነው። ማፍያው እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ዛሬም ጠዋት ከፈትኩት። የገዛ እጅ ጽሑፌ፣ የገዛ ፊርማዬ...

«ዕቃው ተቀይሮላቸዋል። አመልካቿ በስልክ ተጠይቀው ረክተዋል።»

ከሥሩ የጣት አሻራ አለ። ጥቁር ነው። ወረቀቱን ስነካው ገና ይሞቅ ነበር።