ፓስተሩ ያላሉት

«ለመሆኑ ችሎት ፊት የሚጠየቀው የሰበከው ነው ወይስ የተረጎመው?» አለች አያቷ፣ የማሽላውን አጥሚት ማማሰሏን አቁማ።

ቼዲ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። አያቷም መልስ አልጠበቀችም፤ ከረቡዕ ጀምሮ ይህንኑ ጥያቄ ለምድጃው፣ ለዶሮዎቹ፣ ለአጥሩ ስትጠይቅ ነው የሰነበተችው። የፓስተሩ ችሎት ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው።

«ብዪ እንጂ! በባዶ ሆድሽ ትምህርት ቤት ልትሄጂ ነው?»

«አልራበኝም፣ ንኮኖ» አለች ቼዲ፣ አያቴ ለማለት።

«አልራበኝም ትለኛለች! ሰው ካልበላ ይታመማል። ስትታመሚ ማን ሊያስታምም? እኔው ነኝ፣ አያትሽ!»

ቼዲ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ፓስተር ካሊንዳ ከማላዊ መጥተው የቦቻቤሎ ከተማን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከያዙ ሦስት ዓመት ቢሆናቸውም፣ የአገሩ ቋንቋ ሴሶቶ አፋቸው ላይ አልላወስ ብሏቸው የሚሰብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ቼዲ ጎናቸው ቆማ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ትተረጉማለች። «የኔ ልጅ እንግሊዝኛውን ትጠጣዋለች» ብላ ለዚህ ያጨቻት አያቷ ናት፤ ለመድረክ የሚሆን ቀሚስም አሰፍታላታለች።

መጀመሪያ ቃል በቃል ነበር የምትተረጉመው። ኋላ ግን አንድ ነገር ደረሰችበት፤ ፓስተሩ ካሉት ላይ ትንሽ በርበሬ ጣል ስታደርግበት ምእመኑ ከወንበሩ ይነሳል። እሳቸው «እግዚአብሔር ያያል» ሲሉ እሷ «እግዚአብሔር ያያል! በጓዳም ያያል! ብርድ ልብስ ውስጥም ያያል!» ትላለች። ከዚያ እልልታው ነው። ፓስተሩም የራሳቸው ቃል የሠራው መስሏቸው ፈገግ ይላሉ።

ከአምስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ፣ ፓስተሩ ስለ ጋብቻ ሰበኩ። «ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖር ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም ቢቆጣ ይህን ከማለት አልመለስም» አሉ። ቼዲ እንዳለ ተረጎመችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው አስፈራት፤ የእሷ ድክመት መሰላት። ስለዚህ ጭራ ቀጠለችለት፤

«ከግቢያችሁ አስወጧቸው! ከእነሱ ጋር አጥር አትጋሩ!»

ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ «አሜን!» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የነበሩት ንታቴ ሴሎ፣ የተከራያቸው የፑሌንግን አልጋ ከጓሮ ክፍላቸው አውጥተው መንገድ ላይ ጣሉት። ፑሌንግ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ማኩዌንያ የሚሉትን ቦምቦሊኖ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ከሴት ፍቅረኛዋ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ያን ቀን ዝናብ ነበር። «ፓስተሩ ብለዋል» አሉ ንታቴ ሴሎ፤ ፑሌንግም ይህንኑ ቃል ይዛ፣ የመድልዎ ክስ በሚያየው በእኩልነት ችሎት ፓስተሩን ከሰሰች።

እንግሊዝኛ የሚሰሙት ልጆቹ ብቻ ነበሩ። «ሁለት ስብከት ነው የሰማነው» ብሏት ነበር የክፍሏ ልጅ ኔዎ እየሳቀ። «የሳቸውና ያንቺ። ያንቺው ግን ፍንዳታ ነበር፣ እመት ነቢይት!» ቼዲ አብራው ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዞር ብላ ልታልፍ ስትል ፑሌንግ ጠራቻት። «አንቺ ልጅ፣ ከማኩዌንያዬ ተጣላሽ እንዴ?» ትኩስ አውጥታ በወረቀት ሰጠቻት። «ፓስተርሽን አልጠላቸውም። ኃጢአተኛ ነሽ ይበሉኝ፤ እናቴም በየገናው ትለኛለች፣ ብላኝም ስታበቃ ዶሮ ታቀርብልኛለች። ያመኑትን መናገር መብታቸው ነው። አልጋዬን ግን ምን አድርጌ ነው የሚያስወጡብኝ?» ማኩዌንያው ጣቷን አቃጠላት፤ ቼዲ ግን አለቀቀችውም።

ያን ረቡዕ ቤት እንደገባች፣ ስብከቱ ላይ የጨመረችውን ሁሉ ለአያቷ ነገረቻት። አያቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች መጨረሻ ላይ። «በቃ ዝም በዪ። ዝም አይነቅዝም።»

አሁን በሩ ተንኳኳ። ፓስተር ካሊንዳ ነበሩ፤ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ የክሱን ወረቀት ይዘው። ወደ ችሎት ሲሄዱ እግረ መንገዳቸውን ነው የመጡት። ለአያቷ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ከሰላምታው በኋላ ሴሶቷቸው አለቀና በእንግሊዝኛ ወደ ቼዲ ዞሩ።

«ልጄ፣ ‹ከግቢያችሁ አስወጧቸው› ብለሃል ይለኛል ይሄ ወረቀት። ባስበው ባስበው ትዝ አይለኝም። ግን ሰባኪ ሲግል አፉን አያውቀውም። ብዬው ከሆነ የዚያችን ልጅ ፍራሽ ያራስኩት እኔ ነኝ፤ እቀጣለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ጎኔ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ብያለሁ?»

«ምን አሉ?» አለች አያቷ።

«ብያለሁ ወይ ነው የሚሉት።»

አያቷ እጇን በሽርጧ ጠረገች። የጠረገችውን ደግማ ጠረገች። «ብለዋል በያቸው» አለች በሴሶቶ። «በያቸው እንጂ! እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጠበቃ አላቸው፣ ምእመን አላቸው። አንቺ ማን አለሽ? ጉልበቷ የማይታጠፍ አንዲት አሮጊት። ብለዋል በያቸውና ልጄ ትትረፍልኝ።»

ፓስተሩ ምንም ሳይገባቸው ጠበቁ። ቼዲ ይህን አስተያየታቸውን ታውቀዋለች፤ መድረክ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያዩአት፣ አንዳች ሳይጠረጥሩ።

«አያቴ» አለች በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ «‹ብለዋል በያቸውና ልጄ ትትረፍልኝ› ትላለች።»

ፓስተሩ ወረቀቱን አጠፉት። መልሰው ዘረጉት።

«ስንት እሑድ ነው የጨመርሽበት?» አሉ።

«አላውቅም... ብዙ።»

ፓስተሩ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ። «ኃጢአት ነው ያልኩትን ዛሬ ዳኛው ፊትም እለዋለሁ» አሉ። «አምናለሁ ማለትን ሕጉ አይከለክለኝም። ሰው ከቤቱ አስወጡ ግን አላልኩም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቢሆንም፣ እልልታው ሲደምቅ ምን ብለሻቸው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁሽም። ልጅ ነሽ፤ ስምሽን አላነሳም። ትምህርት ቤትሽ ሂጂ።»

እጅ ነስተው ወጡ።

«ምን አልሻቸው? ምን አሉ? ፊታቸው ለምን እንዲያ ሆነ?»

«ትምህርት ቤት ሂጂ አሉኝ።»

«ተመስገን! ጌታዬ ተመስገን!» አያቷ ለምሳ ዳቦ ልትቆርጥላት ዞረች። «ነግሬሽ አልነበር? ያልፋል አላልኩሽም?»

ቼዲ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች። አራት ሰዓት ላይ ፓስተሩ «አላልኩም» ይላሉ። ስልሳ ሰው ደግሞ «ብለዋል፣ በጆሯችን ሰምተናል» ይላል። ከስልሳው አንዱም አይዋሽም። ፑሌንግም እዚያው ተቀምጣ፣ ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽ ይመስላታል።

«ሹራብሽን ልበሺ፤ ደመናው አያምርም» ትላለች አያቷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዳቦውን በፌስታል እየጠቀለለች። «እዚያች ማኩዌንያ ሻጭ ጋ ደግሞ እንዳትቆሚ፣ ሰው ያያል። ቀጥታ ክፍል ነው። ሰማሽ?»

ውጪ የፓስተሩ መኪና አንዴ አስሎ ጠፋ፤ እንደገና ተነሳ።

ቼዲ ቦርሳዋን አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ሹራቧን ለበሰች። አያቷ ገና እያወራች ነበር፤ ቼዲ በሩን ከፍታ ችሎት ወደሚሄደው መኪና ወጣች።