ቁልፉ ሲንቃጨል

ዳኛው እንደሚሉት ፎቶ አንሺው ውሻቸውን ሻምበልን አታሎ ለሞት ሊያበቃው ነበር። ልጃቸው እንደምትለው ደግሞ ፎቶ አንሺው ባይኖር ሻምበል ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። አባትና ልጅ ምሳ ላይ ይህን ሲከራከሩ የሚሰማ እንግዳ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚያወሩ ይመስለዋል። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ የቁልፍ ዘለላ ነው።

ፎቶ አንሺው የቤት እንስሳትን ብቻ ነው የሚያነሳው። ታላቅ እህቱ፣ «አንተ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» እያለች ትነዘንዘዋለች።

«ሰው ካሜራ ሲያይ ሆዱን ያስገባል። ድመት አታስገባም» ይላታል።

ሥራውን ይወደዋል። የካሜራውን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተምራ መልሳ የምታሾፍበት በቀቀን ነበረች። ከቦርሳው አልወጣም ብላ ግማሽ ቀን የተኛችበት ድመትም ነበረች። ማታ ቤቱ ሲገባ ሹራቡ ላይ የሦስት ዓይነት ፀጉር ይለቀማል፤ እሱ ግን እየሳቀ ነው የሚያራግፈው።

አሠራሩም የራሱ ነው። ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ወለሉ ላይ በደረቱ ይተኛና እንስሳው መጥቶ እስኪያሸተው ይጠብቃል። ከዚያ ባለቤቱን፣ «ምን ዓይነት ድምፅ ይወዳል?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የማቀዝቀዣ በር ሲከፈት፣ ሌላው የወረቀት ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ይለዋል። ድምፁ ሲሰማ እንስሳው ጆሮውን ያቆማል፣ ዓይኑ ይበራል። እሱም የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው።

የዳኛው ልጅ ሻምበልን ይዛ የመጣች ዕለት በሩን ስትከፍት ያገኘችው ወለሉ ላይ የተዘረጋ መነጽራም ወጣት ነበር።

«ምነው፣ ወደቅክ እንዴ?»

«ኧረ ሥራ ላይ ነኝ» አላት ሳይነሳ። «አንቺ ተቀመጪ፣ እሱን ልቀቂው።»

ሻምበል አገጩ የሸበተ ትልቅ ቡናማ ውሻ ነው። የእናቷ ነበር። እናቷ ካረፉ አምስት ወር ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ጆሮውም ጭራውም እንደወደቀ ነው። አባቷ፣ «ይሄም ሳይከተላት አንድ ደህና ፎቶ ይኑረን» ብለው ነው የላኳት።

«ምን ድምፅ ይወዳል?»

ከቦርሳዋ የቁልፍ ዘለላ አወጣች። «የእማዬ ነው። ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ሲንቃጨል ገና…» አልጨረሰችውም።

«እስቲ አንቃጭይው።»

አንቃጨለችው። ሻምበል ብድግ አለ። ጆሮው ቆመ፣ ጭራው ወለሉን መታ፣ ዓይኑ ሁለቱንም አልፎ በሩ ላይ ተተከለ። ፎቶ አንሺው አንዴ አነሳው። ሁለተኛ ሊያነሳ ሲል ከኋላው የታፈነ ለቅሶ ሰማና ካሜራውን አስቀመጠ። ግን አልዞረም። እስክትጨርስ ድረስ ወለሉን ሲያይ ቆየ። ልቧ ወደ እሱ ያዘነበለው ያኔ ባለመዞሩ እንደሆነ የነገረችው ብዙ ቆይታ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

«የሞተች ሚስቴን የጠራህብን ሰው አንተ ነህ?»

ሻምበል ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከበሩ ሥር አልነሳም። ከውሃ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። ፎቶ አንሺው የያዘውን ቀጠሮ ሰርዞ እየሮጠ ሄደ።

ዳኛው በሩ ላይ ጠበቁት። «ሠላሳ ዓመት ስዳኝ ብዙ ሐሰተኛ ምስክር አይቻለሁ» አሉት። «ለውሻ በሐሰት የመሰከረ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«አጥፍቻለሁ ጋሼ። ድምፁን ሳሰማው ሰው መግባት እንዳለበት አላሰብኩም።»

«እኔ ቁልፉን ይዤ ገብቼ ነበር» አለች ልጅቷ። «እኔን አልፎ ከኋላዬ ነው የሚያየው።»

ፎቶ አንሺው ውሻውን አየና፣ «እናትሽ በስንት ሰዓት ነበር የሚመጡት?» አለ።

«አሥር ሰዓት ተኩል።»

«እንግዲያው በየቀኑ በዚያ ሰዓት እኔ ልግባ። እሳቸውን አልሆንለትም። ግን ቁልፉ ሲንቃጨል የሚገባ ሰው ይኑር።»

«ደግሞ ሌላ ማታለያ!»

«አባዬ፣ ይሞክር።»

በመጀመሪያው ቀን ቁልፉን አንቃጭሎ ገባ። ሻምበል ከኋላው ማንም እንደሌለ ሲያይ ፊቱን አዞረ። ፎቶ አንሺው አጠገቡ በደረቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛ። በሁለተኛው ቀን ውሻው እጁን አሸተተ። በሦስተኛው ከእጁ ላይ ትንሽ ሥጋ በላ። ዳኛው ጋዜጣቸውን እንደዘረጉ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰሙ።

ሳምንቱ ሳምንት ወለደ። ልጅቷ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ድሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልሆነ ቤት አትደርስም ነበር። አሁን አሥር ሰዓት ላይ ከች ማለት ጀመረች።

«ምነው ሚጣ፣ የሰው ዓይን ሁሉ ዳነ እንዴ?» አሏት አባቷ።

አንድ ቀን ስትሸኘው ደጁ ላይ መነጽሩን ከፊቱ አወለቀችው። «በደረትህ እየተኛህ አጣመምከው» አለችና እጀታውን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ አቃናችው። መልሳ ስታጠልቅለት ጣቷ ጆሮው ላይ ትንሽ ዘገየ። ሁለቱም ስለ አየሩ አወሩ። አየሩ ደግሞ ምንም የሚወራለት ነገር አልነበረውም።

ወሩ በሞላበት ቅዳሜ ፎቶ አንሺው ሲገባ ሻምበል ጭራውን እየቆላ በሩ ድረስ መጥቶ ተቀበለው። ዳኛው ጋዜጣቸውን አጠፉ።

«ውሻው ድኗል። ቁልፉን አስቀምጥ።»

አስቀመጠው። ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ተንቃጨለ። ሻምበል ቁልፉን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ፎቶ አንሺውን አየ።

«አየኸው?» አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «አሁን የሚጠብቀው አንተን ነው። ልጄ አዳነው ትላለች፣ እኔ አታለለው እላለሁ። ሁለታችንም እውነታችንን ነው። ለአንድ ወር መጥተህ ከቀረህ ግን የመጀመሪያው ማታለልህ ከዚህኛው በጣም ይቀላል። ውሻውን ብቻም አይደለም የምልህ።»

ፎቶ አንሺው መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ። መልሶ ሲያደርገው ገለበጠው። ከበቀቀን ጋር ሲሆን እንዲህ አያደርገውም።

ልጅቷ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳችና መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን አጠፈችለት።

«አባዬ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ይቆያል» አለች። «ላገባው ነው። እሱ ገና አልጠየቀኝም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶም ቢሆን ዛሬ ይጠይቀኛል።»