ሆደ ባሻዋ እታለማሁ

«እታለም፣ ተነሽ እንጂ፤ ረፈደ እኮ» አለች ማናለብሽ። ታላቅ እህቷ እታለማሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህል ካልቀመሰች አራተኛ ቀኗ ነው። ለማናለብሽ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚጀመረው ዛሬ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

እንጅባራ አጠገብ ካለችው አገራቸው ከዘንገና ወጥተው ዳንግላ ከገቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እታለማሁ ነጋዴ ቤት እየሠራች ታናሿን ታስተምር ነበር። ማናለብሽ ጠዋት የተቆጧትን ለምሳ የምትረሳ ልጅ ናት። እታለማሁ ግን ሆደ ባሻ ናት፤ አንድን ክፉ ቃል ሳምንት ሙሉ ታብሰለስለዋለች። አገራቸው ሳሉ እናታቸው ፊቷን አይታ ማዘኗን ታውቅላት፣ በአገውኛ እያባበለች ታናግራት ነበር። ዳንግላ ግን የሚያውቅላት አልተገኘም። አሠሪዋ ወይዘሮ ደብሪቱ አማርኛዋን ለእንግዳ እያስመሰሉ ይስቁባት ጀመር። እሷም ንግግሯን እየቀነሰች ሄደች፤ በመጨረሻም ሥራውን ተወችው።

ማናለብሽን የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ባለፈው ወር እህቷ ደብተር ልታቀብላት ትምህርት ቤት ብትመጣ፣ ልጆቹ ባነጋገሯ ሳቁ። ዘመድሽ ናት ወይ ሲሏት ማናለብሽ አይደለችም አለች። አብራቸውም ሳቀች።

አሁን መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ያን ቀን ያልኩትን ሰምተሽ ነበር ወይ ብላ በአገውኛ ጠየቀቻት።

እታለማሁ ወደ እሷ ዞራ መለሰች። «ሰምቻለሁ። ግን ባንቺ አይደለም የታመምኩት። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ውስጤ ባዶ ሆነ፤ እንባ እንኳ እምቢ አለኝ። ሂጂ፣ ፈተናሽ እንዳያመልጥሽ።»

ማናለብሽ አለቀሰች፤ ለሁለቱም የሚበቃ አለቀሰች። ከዚያ የእህቷን እግር በለብ ያለ ውሃ አጠበች፤ ጋቢ ደርባላት፣ ደግፋ አስነሳቻት።

የክፍል ጓደኛዋ ውብአየሁ ደጅ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ሁለቱን ስታይ ደነገጠች፤ ዛሬ ካልተፈተነች ዓመቱን እንደምትደግም ነገረቻት።

«አውቃለሁ» አለች ማናለብሽ። «እናታችን ዘንድ ልወስዳት ነው። ለአስተማሪው ንገሪልኝ።»

የእንጅባራ ጭነት መኪና የሚቆመው ከገበያው ማዶ ነው። እታለማሁ አሥር እርምጃ ተራምዳ ታርፋለች። ማናለብሽም አላጣደፈቻትም፤ ስትቆም አብራት እየቆመች፣ በሰኔ ጭቃ ቀስ ብለው ሄዱ።