ፍሬን የሚይዝ እግር

በወንበሩና በፍሬን ፔዳሉ መካከል የተወተፈው ዱላ እንደገና ተፈናጥሮ ወለሉን መታ። ጎማው ከመፍቻው ጋር አብሮ ዞረ፤ ብሎኑ ግን ባለበት ቀረ። ሳይላ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ ግንባሯን በመኪናው ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ አሳረፈች።

ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ጎማውን ከሞተሩ ከሚመጣው ዘንግ ጋር የሚያስረው ትልቁ ብሎን የሚጠብቀው መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማው መሬት ሳይነካ ነው። ጎማው እንዳይዞር ደግሞ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬኑን መርገጥ አለበት። ብሎኑ በልኩ ሳይጠብቅ መኪናው በጎማው ከቆመ፣ ክብደቱ ሁሉ ጎማውን በሚያሽከረክረው የውስጥ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ ኩሽኔታውም ከውጭ የማይታይ ጉዳት ይደርስበታል። ይህን ያስተማራት ወንድሟ ኦይቫ ነው። ባለፈው ክረምት እሱ ሲያጠብቅ የእሷ እግር ፍሬኑ ላይ ነበር። «ልልቀቅ?» ትለዋለች። «ገና» ይላታል። አሁን ኦይቫ ወታደራዊ ግዴታውን ሊወጣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ላፕላንድ ሄዷል። እናታቸው በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ስለምትሠራ ቀኑን የምታሳልፈው በእንቅልፍ ነው። በአሮጌው የላም በረት ውስጥ የቀሩት ሳይላና መኪናዋ ብቻ ነበሩ።

ስልኳን አውጥታ ደወለችለት።

«ዱላ ካልያዘልሽ ሰው ጥሪያ» አላት ኦይቫ። ከኋላው የወጣቶች ሳቅ ይሰማል።

«ማንን?»

«ማሳውን ስትሻገሪ ፒህላ አለች አይደል እንዴ?»

ሳይላ ወለሉ ላይ የወደቀውን ዱላ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«አሁንም ኩርፊያ ላይ ናችሁ? ኧረ አንቺ ልጅ፣ በሬ እንኳ እንዲህ አያኮርፍም። ለመሆኑ አዲሱን ብሎን ነው የምታስገቢው?»

«አሮጌውን ልመልሰው ነው። አዲስ ብሎን ለገዢ ስጦታ ነው ስትል አልነበር?»

«እሱማ የውድድር ሜዳ ቀልድ ነው። ያ ብሎን እኮ አንዴ ከጠበቀ ይለጠጣል፣ ሁለተኛ…» ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ስሙን ጠራ። «መሄዴ ነው፣ እደውልልሻለሁ» ብሎ ዘጋው።

ቀልዱ ያለ ምክንያት አልተወለደም። የፊንላንድ ገጠር ልጆች በአሮጌ መኪና በሚሽቀዳደሙበት በዚህ ውድድር፣ ሩጫው ሲያበቃ ማንኛውም ተወዳዳሪ የወደደውን መኪና ደንቡ በቆረጠው ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ጠያቂዎች ከበዙ ዕጣ ይወጣል፤ አልሸጥም ያለ የመወዳደሪያ ፈቃዱን ያጣል። ደንቡ ባለጸጋው በገንዘቡ ብቻ እንዳያሸንፍ የተደነገገ መልካም ደንብ ነው። ሆኖም ባለፈው ግንቦት፣ ሳይላና ኦይቫ ክረምቱን ሙሉ የለፉበትን የመጀመሪያ መኪና ዕጣው ለፒህላ ሰጣት። ከዕጣው በፊት ሳይላ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ካምቢዮው ተበላሽቷል፣ ባትጠይቂው ይሻልሻል» ብላት ነበር። ካምቢዮው ግን ምንም አልነካውም። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። በዚያ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ የሚሳፈሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዷ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሌላዋ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ባዶ ወንበሮች ተደርድረው ይሄዳሉ።

ሳይላ በበረቱ መስኮት ወደ ገብሱ ማሳ ተመለከተች። ከማዶ የፒህላ ቤት ቀይ ግድግዳ ይታያል። መንገዱ አጭር ነበር። አልሄደችም። ክሪኩን ፈትታ መኪናውን በጎማው አቆመችው፤ ከዚያም አሮጌውን ብሎን በመኪናው ክብደት ላይ አጠበቀችው። ብሎኑ ጠበቀ፤ ጠበቀ ማለት ግን በልኩ ማለት አልነበረም። አዲሱን ብሎን መደርደሪያው ላይ፣ ኦይቫ ትቶት ከሄደው አዲስ ኩሽኔታ አጠገብ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ በጠጠሩ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ወጣች። ወደ ቀኝ በታጠፈች ቁጥር ከግራው የፊት ጎማ ቀጭን ጉምጉምታ ይሰማት ነበር፤ በመጨረሻው ዙር ጉምጉምታው ወፍሯል። ምን እንደሆነ ዐውቃለች።

ከሩጫው በኋላ ጎማ ላይ ተቀምጣ የተጠበሰውን ቋሊማ እያኘከች ሳለ፣ ፒህላ የመግዣ ጥያቄ ወደሚገባበት ሳጥን ስትሄድ አየቻት። ሁለት ሌሎች ልጆችም የሳይላን መኪና ጠይቀዋል። በዚያች ሰዓት ተነሥታ ልትናገር ትችል ነበር። «ትውሰደው» አለች በልቧ። ቃሉ ጣፋጭ ነበር። የቀረውን ቋሊማ ግን ሳትበላው አስቀመጠችው።

ዕጣውን የሚያወጡት አዛውንቱ ራውኖ እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተው አንዲት ብጣሽ ወረቀት አወጡ።

«ፒህላ» ብለው አነበቡ።

ፒህላ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ መጣች። «ቁልፉን አምጪ። ወይስ ዛሬም ካምቢዮው ታሟል?»

«ካምቢዮው ደህና ነው» አለች ሳይላ። ልትተወው ፈልጋ ነበር፤ ዐይኗ ግን የፒህላ የራስ ቁር ላይ አረፈ፤ ጎኑ ላይ አብረው የለጠፉት የቢጫ ንብ ሥዕል አሁንም አለ። «የግራው የፊት ጎማ ነው። ኩሽኔታው ይጮኻል። ብሎኑም አሮጌ ነው፤ በልኩ አላጠበቅኩትም።»

«አይ አንቺ! በየወቅቱ አዲስ በሽታ።»

ራውኖም ሣቁ። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሳጥን አጠገብ ነው የሸበትኩት። ዕጣ በወጣ ሰዓት ያልታመመ መኪና እስካሁን አላጋጠመኝም።»

«እውነቴን ነው።»

«ያኔም እውነትሽን ነበር» አለች ፒህላ። አሁን ድምፅዋ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ሙድ አትያዢብኝ። ቅዳሜ እሽቀዳደምበታለሁ።» ቁልፉን ከሳይላ መዳፍ ላይ አነሣችው።

ሳይላ አመሻሽ ላይ ቤት ስትደርስ እናቷ ወደ ሥራ ሄዳለች። የአተር ሾርባው ምድጃው ላይ ቀዝቅዟል። ቆማ ከድስቱ ጥቂት ጠጣችና ወደ በረቱ ወጣች። መኪናው በነበረበት ቦታ የዘይት ነጠብጣብና ያ ዱላ ቀርተዋል። «ነግሬያታለሁ» አለች ጮክ ብላ። ድምፅዋ ከባዶው ግድግዳ ተመለሰላት። መናገርስ ተናግራለች፤ ምስክርም አላት። ቅዳሜ ፒህላ በፍጥነት ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግን ያ ንግግር ጎማውን አይዘውም።

መደርደሪያው ላይ ብሎኑ ከነዘይቱ ያብረቀርቃል።

ብሎኑን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ኩሽኔታውን ከነካርቶኑ፣ የብሎኑን ጥብቀት የሚለካውንም ረጅም መፍቻ ብብቷ ሥር አድርጋ ገብሱን ዳር ዳሩን ይዛ ተሻገረች። ጤዛው ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ አራሰው። መኪናው ከፒህላ ቤት ፊት ቆሟል። በሩን አንኳኳች።

ፒህላ በካልሲ ወጣች። «ምን ፈለግሽ?»

«እግር።»

«ምን?»

«ፍሬን የሚይዝልኝ ሰው። የተበላሸው ብቻዬን ስለሠራሁት ነው።»

ፒህላ ካርቶኑን፣ ከዚያ መፍቻውን ተመለከተች። «መኪናው የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው።»

«ብትሠሪውም አልመልስልሽም።»

«ዐውቃለሁ።»

«የግንቦቱስ? ካምቢዮው?»

«ውሸት ነበር» አለች ሳይላ። «የዛሬው አይደለም።»

ፒህላ በሩን ክፍት ትታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ቦት ጫማዋን ተጫምታ ክሪክ እየጎተተች ነበር።

መኪናውን አነሡት። ፒህላ መዳፏን ከጎማው ጀርባ ያለው ብረት ላይ አሳርፋ በሌላው እጇ ጎማውን አዞረችው። የኩሽኔታው መንቀጥቀጥ እጇ ላይ ተሰማት። ቀና ብላ ሳይላን አየቻት፤ ሳይላ ግን ካርቶኑን እየከፈተች ስለነበር ቀና አላለችም። አሮጌውን ኩሽኔታ አውጥተው አዲሱን እስኪያስገቡ ድረስ «ያዢ» እና «አቀብዪኝ» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። ጎማውንም መልሰው አሰሩት።

አዲሱ ብሎን በጣት ዞሮ ዞሮ ቦታው ደረሰ። ፒህላ ገብታ ተቀመጠችና ፍሬኑን ረገጠች።

ሳይላ መፍቻውን ገጥማ መላ ክብደቷን ጣለችበት።

«ልልቀቅ?» አለች ፒህላ ከውስጥ።

«ገና።»

ጎማው አልዞረም።