ውሃው የሚቆምበት ልክ

«ሸራውን ተዪው! ጡቡን አንሺ፣ ጡቡን!»

እናቷ ስትጮህባት ቀጮ የያዘችውን ሸራ ጥላ ጎንበስ አለች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ውሃው ግቢያቸው ገብቷል። ሊደርቁ በረድፍ የተደረደሩት ጥሬ ጡቦች ከሥራቸው እየሟሙ ነው። አንዱን በሁለት እጇ ስታነሳው ታችኛው ግማሽ ተገንጥሎ እንደ ሊጥ እግሯ ላይ ወደቀ።

እናቷ የተረፈውን በእጅ ጋሪ ወደ ምድጃው፣ ወደ ከፍታው ታመላልሳለች። አባቷ ታችኛው ረድፍ ላይ ተንበርክኮ፣ የትኛው ይድናል የትኛው አይድንም እያለ በጣቱ ይነካካል። ቀጮ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ውሃው ለምን እንደመጣ ታውቃለች።

ቤታቸውም ጡብ መሥሪያቸውም ረግረጉ ጫፍ ላይ ነው። ረግረግ ይባላል እንጂ እሷ ከተወለደች ጀምሮ ደረቅ ነበር፤ ድሮ የተቆፈረ ቦይ ውሃውን ጠጥቶ ጨርሶታል። ባለፈው ወር የትምህርት ቤታቸው የተፈጥሮ ክበብ ያንን ቦይ የሸክላ አፈር በተሞሉ የማዳበሪያ ከረጢቶች ደፈነው። ሐሳቡ የባዮሎጂ መምህራቸው ነበር። «ረግረግ ሲደርቅ፣» ብሏቸዋል፣ «ከሥሩ የተከማቸው የዘመናት ብስባሽ አየር ያገኝና ቀስ እያለ ይቃጠላል። እሳቱ አይታይም፤ አየሩን የሚያሞቀው ጋዝ ግን ይወጣል። ውሃውን ከመለስንለት ግን ይቆማል። ወፎቹም ይመለሳሉ።»

ጎረቤቶች ሁሉ ጡብ ሠሪዎች ናቸውና ማንም ደስ አላለውም። መምህሩ በየቤቱ እየዞረ፣ ውሃው ግቢያቸው እንደማይደርስ በልክ አሳያቸው። ልኩን ያዩት ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በሞላ ረጅም ቱቦ ነው፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። መምህሩ አንዱን ጫፍ ቦዩ ጋ ያዘ፤ ሌላውን ጫፍ ደግሞ ዝቅተኛው ግቢ የእነሱ ስለሆነ ቀጮ ያዘች።

አሁን ጭቃው ውስጥ ቆማ፣ ያን ቀን የቆመችበትን ቦታ አየችው። ከላይኛው ረድፍ ጥግ፣ ከአጥሩ አጠገብ። እዚያ ጋ አሁንም ደረቅ ነው።

«አባዬ።»

«ምን?»

«ልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እዚህ ታች መቆም ነበረብኝ። እዚያ ላይ ቆምኩ።»

አባቷ ቀስ ብሎ ተነሳ። ግቢው የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት ሆን ተብሎ ዘመም ብሎ የተደለደለ ነው፤ የደለደለው ራሱ ነው።

«ለምን?»

«አዲስ ጡብ ስለተደረደረ። መሃሉ አትግቢ ስለምትለኝ።»

የላይኛውን ረድፍ ጥግ ዞሮ አየው። ከዚያ ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫው ወጣ። «ዕድሜ ልክሽን አንድ ቀን ብትሰሚኝ፣ እሱንም ለጉድ አደረግሽው።» አካፋውን አነሳና ዘረጋላት። «ሂጂ ቦዩን ክፈቺው። ሁሉንም። ዝናቡ ዛሬም ይደግማል።»

መንገድ ላይ ጓደኛዋ ጠበቃ ተቀላቀለቻት። በማንኛውም ነገር ስለምትከራከር ነው ጠበቃ የተባለችው። ጆሮዋ ላይ ስልክ ለጥፋለች።

«ቲቸር ምን አለ?»

«በቃ "ክፈቱት፣ ሰዎቹ ልክ ናቸው" አለ። ጎረቤቶቻችሁ ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ጮኸውበታል። ከዚህ በኋላ ማንም ቦዩን አያስነካንም አለ።» ጠበቃ ስልኩን ኪሷ ከተተች። «ስሚ፣ ሞከርኩ አልነቃነቅ አለኝ ብትይስ?»

«አባዬ ጡብ ሠሪ ነው፤ የጭቃ ነገር እሱን አትሸውጂውም።»

«እሺ አቦ፣ እኔ ሐሳብ ነው ያመጣሁት።»

ቦዩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። በአንድ ወር ውስጥ የሆነው ነገር አሁንም ያስደነግጣል። ሣሩ ውስጥ ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል። ቄጠማው ወጥቷል። ከመሃሉ፣ ውሃው ላይ በተንሳፈፈ የቄጠማ ጉዝጓዝ፣ ጣቶቿ ከሰውነቷ የሚበልጡ የሚመስሉ አንዲት ቡናማ ወፍ ተቀምጣለች። እንቁላሎቿን ከሥሯ እንደያዘች ክበቡ በሙሉ ያውቃል።

ከማዶ የሰፈር ውሾች ውሃው ዳር ተኝተዋል። ጥልቀቱን ስለማይወዱት አይገቡም።

ቀጮ ከላይ ያለውን ማዳበሪያ ጎተተች። ውሃው ክፍተቱን አግኝቶ ይፈስ ጀመር። ሁለተኛውን ጠበቃ አገዘቻት፤ ከብዶ ነበር፣ ተጣብቆም ነበር። የሠሩት ሥራ ጥሩ ሥራ እንደነበረ ያን ጊዜ አወቁት። ከዚያ በኋላ ውሃው ራሱ እየገፋ ረዳቸው።

ጉዝጓዙ ከውሃው ጋር ዝቅ አለ። ወፏ ተነሳች፣ ዞረች፣ መልሳ ተቀመጠች። ከዳር ያለው ጭቃ መታየት ጀመረ። አንዱ ውሻ ብድግ ብሎ ተንጠራራ።

«ሂድ!» ጠበቃ ድንጋይ ወረወረች። ውሻው ትንሽ ሸሽቶ ተቀመጠ። «ሌሊትስ ማን ያባርረዋል?»

ቀጮ ወደ ሰፈሩ ዞራ ስታይ፣ እናቷ አሁንም ጋሪ እየገፋች ነው፤ ከሩቅ ትንሽ ትመስላለች። ውሃው ግን ከግቢያቸው እየሸሸ ነበር። ከታችኛው ረድፍ በስተቀር ሁሉም ረድፎች ከውሃው ወጥተዋል።

ቦዩ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው፣ ከሁሉም ሥር ያለው ማዳበሪያ ነው። ከጀርባው ከጉልበት በታች የሆነ ውሃ ቆሟል። ጉዝጓዙ እሱ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጭንቅ።

«አባትሽ ሁሉንም ነው ያሉት ብለሽኛል፣» አለች ጠበቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከራከር።

«ይሄ ካልወጣ የታችኛው ረድፍ አይደርቅም።»

«ስለዚህ?»

ቀጮ አካፋውን ማዳበሪያው ላይ እንዳሳረፈች ቆየች። ይህ ውሃ ውሻ ያስቆም እንደሆነ አታውቅም። ዝናቡ ሲደግም ምን እንደሚሆንም አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ ምድጃው ጎን አንድ ረድፍ የሚበቃ ቦታ አለ። ግን ድንጋያማ ነው፤ መደልደል አለበት፤ ጥሬውንም ጡብ በየጊዜው ዳገቱን መግፋት አለ። እናቷ ከዛሬ በላይ ያንን ጋሪ ልትገፋ አይገባም።

አካፋውን አነሳችና ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«ወዴት ነው?»

«አባዬ መጥቶ ሳያየው ልነግረው። አንዱን እንደተውኩት።»

«ይገድልሻል።»

«እንጃ።» ጥቂት እንደሄደች ዞር አለች። «እስክመለስ ውሾቹን ታይልኛለሽ?»

ጠበቃ ድንጋይ ስትለቅም፣ ቀጮ ዳገቱን ጀመረች። የታችኛውን ረድፍ ማን እንደሚያመላልሰው አባቷ ሲጠይቃት የምትሰጠውን መልስ፣ «እኔ» የሚለውን፣ በልቧ እያለች ነበር።